ጠርጌ ስለምጥለው አሸዋ፣ ለእህቴ

የሩሐም፣ እስራኤል

ውድ እትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እናታችንስ፣ ልጆቹስ እንዴት ከረማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ወደዚህ ስለምትመጡበት ጉዞ የሰማሁት አዲስ ወሬ የለም።

ባለፈው በስልክ «ሌሊቱን ሙሉ በአሸዋ ሥለህ ጠዋት ጠርገህ የምትጥለው ምን ነክቶህ ነው?» ብለሽ ስትቆጪኝ መስመሩ ተቋረጠ። እንግዲህ መልሴን በደብዳቤ አንብቢው፤ ለእናታችንም አንብቢላት።

ከከተማችን አጠገብ ታላቁ ማክቴሽ የሚባል፣ ጎርፍ ለብዙ ዘመን ሸርሽሮ ያጎደጎደው ሰፊ ገደል አለ። ውስጡ ቀይ፣ ቢጫና ሐምራዊ አሸዋ ሞልቶታል፤ ቀለሙን የሰጠው የብረት ዝገት ነው። ጎብኚዎች በጠርሙስ እየደራረቡ ይወስዱታል። እኔ ደግሞ በወንፊት ነፍቼ በየቀለሙ አስቀምጠዋለሁ።

የምሠራበት ጠረጴዛ መስታወት ነው፤ ከሥሩ መብራት አለው። አንቺ ሽሮ በፈላ ውኃ ላይ እንደምትነሰንሺው አሸዋውን በጣቶቼ መካከል አፈሰዋለሁ። የወፈረበት ይጠቁራል፣ የሳሳበት ያበራል። ችግሩ ግን ብርሃኑ ከሥር ብቻ ሲመጣ ቀዩም ቢጫውም ጥቁር ይመስላል። ስለዚህ ካሜራውን ከላይ አጥብቄ አስሬ ሁለት ጊዜ አነሳለሁ፤ አንዴ በሥረኛው መብራት፣ አንዴ ደግሞ እሱን አጥፍቼ ከጎን በማበራው። ያን ጊዜ ቀለሙ ይመለሳል፣ እያንዳንዷ ቅንጣትም ጥላ ትጥላለች። ከዚያ ሁለቱን ፎቶዎች በኮምፒውተር አዋህዳቸዋለሁ። በነገራችን ላይ አሸዋ የካሜራ ጠላት ነው፤ ሌንስ የምቀይረው ሌላ ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ ነው።

በሙጫ አጣብቀው የሚያኖሩት ሰዎች አሉ። እኔ አልወደድሁትም፤ ሙጫው ብርሃኑን ይደፍነዋል። ቪክ ሙኒዝ የሚባል ብራዚላዊ አለ። በፈረንጆች 1996 በካሪቢያን ደሴት በሴንት ኪትስ ያሉ የሸንኮራ አገዳ ሠራተኞችን ልጆች ፎቶ መነሻ አድርጎ፣ ፊታቸውን በጥቁር ወረቀት ላይ በስኳር ሠራው። በሙዚየም የተሰቀለው ግን ስኳሩ ሳይሆን የስኳሩ ፎቶ ነው። ወላጆቻቸው በላብ ያመረቱት ስኳር የልጆቹ ፊት ሆነ ማለት ነው! እንግዲህ እሱንም ተቆጪው።

ደግሞስ እትዬ፣ አያታችን ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ለቱሪስት የሸጠቻቸው የሸክላ አንበሶች በእሳት የተተኮሱ፣ ጠንካራ ነበሩ። የት እንዳሉ ማን ያውቃል? የአንዳቸው እንኳ ፎቶ የለንም። እኔ ጠርጌ የጣልሁት ሥዕል ሁሉ ግን በእጄ አለ።

ስለዚህ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሳይሸጥ የቀረው፣ ጆሮው የተሰበረው አንበሳ አሁንም እናታችን መደርደሪያ ላይ ካለ፣ በጠዋት ፀሐይ መስኮቱ አጠገብ አድርገሽ ከፊትና ከጎን አንሺልኝ። የስልኩን ፍላሽ አጥፊው፤ ጥላውን ይገድለዋል። በቀዩ አሸዋ ልሠራው ነው። ብሩን በባንክ ልኬያለሁ፤ ለልጆቹ ደብተር ይሁን።

እናታችን «ለፎቶ ነው» ብላ አንበሳውን እንዳታጥበው አደራ፤ አቧራው ሳይነካ ይቆይልኝ።

ወንድምሽ