ለሚሚ፦ ስለ ሲሲሊ ታይሰን

ሚሚዬ፣ የኔ ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱ አሁንም ያመዋል። ሐኪም ቤት ሂድ ስለው "ነገ" ይለኛል። ወንድምሽ ፈተና ላይ ነው።

ባለፈው በስልክ ስለነገርሽኝ የትወና ሥራ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ከስደተኛ ካምፕ የመጣች፣ ስም እንኳን ያልተሰጣት ሴት። ሦስት ቦታ ላይ ብቅ ትላለች፣ ታለቅሳለች፣ ትጠፋለች። "እንግሊዝኛሽን እንደ አፍሪካዊ አድርጊው" እንዳሉሽ ስትነግሪኝ ድምፅሽ ተቀየረብኝ። ልቀበል ወይስ ልተወው አልሽኝ። ለእንዲህ ዓይነት ነገር የስልክ መልስ አይበቃም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ስለ አንዲት ተዋናይት ልጽፍልሽ አሰብኩ። ሲሲሊ ታይሰን ትባላለች። ትምህርት ቤት ስሟን ሳትሰሚ አትቀሪም። እኔ ግን በእናት ዓይን ያየሁትን ነው የምነግርሽ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደችው በ1924 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። ያደገችውም እዚያው ሃርለም ነው። ወላጆቿ ኔቪስ ከምትባል ትንሽ የካሪቢያን ደሴት የመጡ ስደተኞች ናቸው። አባቷ አናጺና ቀለም ቀቢ ነበር፤ እናቷ ሰው ቤት እየሠራች ነው ልጆቿን ያሳደገችው። እናትየዋ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናት፣ ያውም ጥብቅ። ሲኒማ ቤት መግባት ለእሷ ኃጢአት ነው። ሲሲሊ የምታውቀው መዝሙሩን፣ ፒያኖውንና ኦርጋኑን ነበር። እንዲህ ያለች እናት እኛም ሰፈር ሞልታለች፤ አንቺም ታውቂያታለሽ።

ትምህርቷን ስትጨርስ ቀይ መስቀል ቢሮ ታይፒስት ሆና ገባች። ከዚያ ሞዴል ሆነች፤ መጽሔት ላይ ወጣች። ቀጥላም ተዋናይ ልሆን ነው አለች። እናቷ ይሄን ስትሰማ ከቤቴ ውጪልኝ አለቻት። ሲሲሊም ወጣች። ረጅም ጊዜ ሳይነጋገሩ ቆዩ። በኋላ ታርቀዋል፤ እናቷም መድረክ ላይ አይታት ኮርታባታለች። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ያ መሃል ላይ ያለው ጊዜ ነው። አንዲት ልጅ ብቻዋን ከሥራ ወደ ልምምድ ስትሮጥ፣ ቤቷ ስልክ መደወል እንኳን ሳትችል። አንቺ እንደዚያ አትሆኚም። ፋርማሲውን አቋርጠሽ ትወና ስትገቢ ዘመድ ያለውን ብሏል፤ የዚህ ቤት በር ግን አልተዘጋብሽም፣ አይዘጋብሽምም።

በ1963 ሲቢኤስ በሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ በሚተላለፍ ድራማ ውስጥ አንድ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ጸሐፊ ሆና ትሠራ ነበር። ፀጉሯን አልተተኮሰችም። በአጭሩ ተቆርጣ፣ እንደተፈጠረ ትታው ነው ካሜራ ፊት የቆመችው። ያኔ ጥቁር ሴት ፀጉሯን ሳታለሰልስ ቴሌቪዥን ላይ መውጣቷ ያልታየ ነገር ነበር። ፀጉር ሠሪዎች ደንበኞቻችን እያዩሽ ፀጉራቸውን እየተቆረጡ ነው፣ ገበያችንን አበላሸሽብን ብለው እንደጻፉላት ተናግራለች። በኋላም ሹሩባ ተሠርታ በአደባባይ ታየች። ልጅ እያለሽ ሹሩባ ስሠራሽ ትምህርት ቤት ይስቁብኛል ብለሽ ያለቀስሽው ትዝ ይልሻል? ያኔ ስለሷ ባውቅ ኖሮ ፎቶዋን አሳይሽ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሲሲሊ የምትታወቀው እምቢ በማለት ነው። የሚቀርብላት ሥራ አብዛኛው ሴተኛ አዳሪ፣ ሱሰኛ፣ ወይ አንድ ቃል ተናግራ የምትወጣ ሠራተኛ ነበር። አልሠራም ትላለች። ሥራ ይጠፋል። ትጠብቃለች። ይሄ እምቢታ ዋጋ ያስከፍል ነበር፤ ኪራይ የሚከፈለው ለእሷም እንደ ሰው ሁሉ በወሩ ነው።

ግን እምቢ ያለችው ምኑን እንደሆነ ልብ በይልኝ። ሰዎች "ክብሯን ጠብቃ የሠራች" ሲሉ ዶክተርና ጠበቃ ብቻ ሆና የሠራች ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። ሳውንደር የተባለው ፊልም ሲመጣ መጀመሪያ የታሰበችው ለአስተማሪዋ ነበር። የተማረች፣ የለበሰች፣ ደህና ሴት። ሲሲሊ ግን እኔ የምፈልገው እናትየዋን ነው አለች። እናትየዋ ርብቃ ናት፤ በ1930ዎቹ ሉዊዚያና ውስጥ የሰው መሬት በእኩል የምታርስ፣ የሰው ልብስ አጥባ የምታድር ድሃ። ባሏ ልጆቹን ለማብላት ሥጋ ሰርቆ ታስሮባታል። ለዚህ ሚና አንቺ በጣም ወጣት ነሽ፣ በጣም ቆንጆ ነሽ ተባለች። እሷ ግን አልለቅም አለች፤ ሚናውንም አገኘችው።

ፊልሙ በ1972 ወጣ። አንዱን ቦታ ሦስቴ መልሼ አይቼዋለሁ። ውሻው ይጮሃል። ርብቃ ቀና ብላ መንገዱን ታያለች። ሩቅ ላይ አንድ ሰው እያነከሰ ይመጣል። መጀመሪያ ዝም ብላ ታያለች፤ ማመን አቅቷታል። ከዚያ ትሮጣለች። እጆቿን ዘርግታ፣ የባሏን ስም እየጮኸች፣ በአቧራው መሃል። ያቺ ሴት ድሃ ናት፣ ያልተማረች ናት። ግን ባል አላት፣ ናፍቆት አላት፣ ስም አላት። ሙሉ ሰው ናት። ለዚህ ሥራ ለኦስካር ታጨች።

ያንን ፊልም ስታስተዋውቅ የደረሰባትን ብዙ ጊዜ ተናግራዋለች። አንድ ነጭ ሰው ተነስቶ፣ ጥቁሩ ልጅ አባቱን ልክ እንደኔ ልጅ "ዳዲ" ብሎ ሲጠራው ማየት ከበደኝ አላት። አስቢው ሚሚ። የሰው ልጅ አባቱን አባዬ ማለቱ ያስገረመው ሰው! ሲሲሊ ከዚያ በኋላ ሥራዬ ምን እንደሆነ ገባኝ ትላለች።

በ1974 ደግሞ በአንድ የቴሌቪዥን ፊልም ላይ ጄን ፒትማንን ሆነች። ባርነት ውስጥ ተወልዳ 110 ዓመት የሞላት ሴት ናት። ሲሲሊ ለዚህ ስትዘጋጅ የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች እየሄደች ከአሮጊቶች ጋር ተቀምጣለች። እንዴት እንደሚያወሩ፣ እንዴት እንደሚነሱ አይታለች። ይሄን ሳነብ ሥራ ቦታዬ ያሉት እናቶች ፊቴ ላይ መጡ። ከወንበር ሲነሱ መጀመሪያ እጃቸው ነው የሚነሳው፤ እግራቸው ኋላ ነው የሚከተለው። ቀን በቀን የማየው ነገር ነው። እሷም አይታዋለች፤ ፊልሙ ላይ ታገኚዋለሽ።

መጨረሻው ላይ ጄን ፒትማን ነጮች ብቻ የሚጠጡበት የውኃ ቧንቧ ጋ ትሄዳለች። ፖሊሶች ቆመው ያያሉ። ምርኩዟን ይዛ ቀስ ትላለች። ማንም አያወራም። ትደርሳለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ትጠጣለች። ተመልሳ ወደ መኪናው ትሄዳለች። በቃ። ለዚህ ሥራ ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ሁለት ተሸለመች። ሮድ አይላንድ ውስጥ በድህነት የምታድግ አንዲት ትንሽ ልጅም ቴሌቪዥን ላይ አይታት ተዋናይ እሆናለሁ አለች። ያቺ ልጅ ዛሬ ታዋቂ ተዋናይት የሆነችው ቫዮላ ዴቪስ ናት።

ከዚያ በኋላ ሩትስ በተባለው ስለ ባርነት በሚተርክ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የዋናውን ሰው የኩንታ ኪንቴን እናት ሆናለች፤ ሌላም ብዙ ሠርታለች። የጃዝ ሙዚቀኛውን ማይልስ ዴቪስን አግብታ ተፋተዋል፤ እሱን ልዝለለው። ጭር ያሉ ዓመታትም መጥተውባታል። አንድ ትልቅ ሚና ብቻ ይቅረኝ ስትል ኖራ በ2013 ብሮድዌይ በሚባሉት የኒውዮርክ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ላይ አገኘችው። የትውልድ መንደሯን ሳታይ መሞት የማትፈልግ አሮጊት ሆና ነው የተጫወተችው። መሃል ላይ መዝሙር ስትጀምር ታዳሚው ወንበሩ ላይ ሆኖ አብሯት ይዘምር ነበር አሉ። ያ ሲኒማ ኃጢአት ነው በተባለበት ቤት የተማረችው መዝሙር ማለት ነው። በ88 ዓመቷ ቶኒ የሚባለውን የቴአትር ሽልማት ወሰደች።

በ2015 ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ የቫዮላ ዴቪስ እናት ሆና መጣች። ቫዮላ የምትጫወታት ታዋቂ ጠበቃ መሬት ቁጭ ብላ፣ እናቷ ከኋላዋ ተቀምጣ ፀጉሯን ስታበጥርላት አየሽው? ካላየሽ እይው። እኔ ሳየው እንባዬ መጣ። እኔና አንቺ እሁድ ማታ እንደምንቀመጠው ነው የተቀመጡት።

በ2016 ፕሬዚዳንት ኦባማ የነጻነት ሜዳሊያ አጠለቁላት፣ በ2018 የክብር ኦስካር ተሰጣት። ጥር 2021 የሕይወት ታሪኳ መጽሐፍ በወጣ በሁለተኛው ቀን በ96 ዓመቷ አረፈች። አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። ገና በወጣትነቷ የወለደቻት ልጅ ነበረቻት። በዚህ ሥራ ምክንያት ከማንም በላይ ዋጋ የከፈለችው ልጇ እንደሆነች ሲሲሊ ራሷ አምናለች። ይሄንን ሳትደብቅ መጻፏ ይበልጥ እንድወዳት አደረገኝ።

እንግዲህ ስለ ሥራሽ። ስደተኛ መሆኗ አያሳፍርም፤ እኔም ስደተኛ ነኝ። ድሃ መሆኗም አያሳፍርም። የሚከነክነኝ ስሟ መጥፋቱ ነው። ዳይሬክተሩን ጠይቂው። ስሟ ማነው? ከየት አገር ናት? የምትናገረው ቋንቋ ምንድን ነው? ማንን ትታ መጣች? "አፍሪካዊ" የሚባል አነጋገር የለም፤ አማርኛ ተናጋሪ ከሆነች ግን የአክስትሽን እንግሊዝኛ ታውቂዋለሽ፣ እሱን ስጪው። ሰውየው ጥያቄሽን ሰምቶ ከጻፈላት፣ ሦስት ትዕይንትም ትልቅ ነው፣ ሥሪው። ምን አገባሽ፣ ዝም ብለሽ አልቅሺ ካለሽ ግን ተይው።

ከተውሽው ይህ ወር እንደሚያጥርሽ አውቃለሁ። ከአባትሽ ጋር ተነጋግረናል፤ የሁለት ወር ኪራይ እንሸፍናለን። ቅር እንዳይልሽ። ስክሪፕቱን ዛሬውኑ ላኪልኝ፣ እኔም ላንብበው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እደውልልሻለሁ፣ ስልክሽን እንዳትዘጊው።

እናትሽ