ደብዳቤ ለልጄ፦ ፖቶማክ ዳር ለምትውሉበት ሰሞን

ይድረስ ለዳዊቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤትህ በላከችልኝ ፎቶ ላይ ሊያና ናቲ ግሬት ፎልስ ፏፏቴው አጠገብ ቋጥኝ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ሳያቸው እንቅልፍ አጣሁ። አማትህ ከጎንደር ሲመጡም እዚያው ልትወስዳቸው አስበሃል አሉ። ውሰዳቸው፤ ግን ማንም እግሩን ውሃው ውስጥ እንዳይነክር።

«እማዬ፣ ዳሩ እኮ ጸጥ ያለ ነው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ሰው የሚያታልለው ጸጥ ያለው ነው። የፖቶማክ ወንዝ እዚያ ጋ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት 76 ጫማ ይወርድና ጠባብ ገደል ውስጥ ይገባል። ላይ ላዩን የተኛ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ኃይል ግን ጎበዝ ዋናተኛንም ይዞ ይሄዳል። ድንጋዩን ውሃ ስላለሰለሰው እግር አይዝም። ዋሽንግተን ፀሐይ ሆኖ እንኳ ምዕራብ ቨርጂኒያ ተራሮች ላይ የዘነበው ውሎ አድሮ ይደርስና ወንዙ ይሞላል። መዋኘቱም ሆነ ዳር ዳሩን መንቦጫረቁ በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ውሃ ውስጥ አትግቡ።

ለአማትህ ጉልበት ከወንዙ ሁለት ዳር የቨርጂኒያው ወገን ይሻላል። ከጎብኚዎች ማዕከሉ ጥቂት ተራምዳችሁ ሁለተኛውና ሦስተኛው መመልከቻ ትደርሳላችሁ፤ ደረጃ የለውም፣ የልጅ ጋሪም ይሄዳል። ሦስተኛው አጠገብ ጎርፍ የደረሰበት ከፍታ በየዓመቱ የተጻፈበት እንጨት ቆሟል። ልጆቹን ሥሩ አቁምና በፈረንጆቹ 1936 የሚለውን አስፈልጋቸው። ወንዙን ገደሉ ሥር ቁልቁል እያዩት፣ ምልክቱ ግን ከራሳቸው በላይ ነው። ያኔ የአያታቸው ጭንቀት ይገባቸዋል። ቅዳሜና እሁድ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ግቡ፣ አለዚያ የመኪና ሰልፍ ውስጥ ትውላላችሁ። ክፍያው በመኪና ነው፤ ለሰባት ቀን ስለሚያገለግል ደረሰኙን አትጣል።

ወደ ከተማው ስትወጡ መኪናውን ተወውና በሜትሮ ስሚዝሶኒያን ጣቢያ ውረዱ። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ነጻ ናቸው፤ እንደ አየርና ጠፈሩ ያሉት ግን ቀንና ሰዓት ያለው ነጻ ትኬት ስለሚጠይቁ አስቀድመህ በኢንተርኔት ያዝ። የዋሽንግተን ሐውልትም እንዲሁ ነው፤ በኢንተርኔት አንድ ዶላር ያስከፍላል፣ በዕለቱ 15ኛው ጎዳና ላይ ባለው የትኬት ቤት ለተሰለፈ ግን በነጻ ይሰጣል። ጋሪ አያስገቡም። ልጆቹ ቀና ብለው ድንጋዩ ቀለም የሚቀይርበትን ይፈልጉ፤ 150 ጫማ ገደማ ላይ ነው። በ1854 ገንዘብ አልቆ፣ ኋላም የእርስ በርስ ጦርነት መጥቶ ሥራው ቆመ፤ ሲቀጥል ድንጋዩ ከሌላ ቦታ መጣ።

አባትህ በታክሲው ስንቱን ቱሪስት እዚያ አውርዷል። ነገ እወጣለሁ፣ ነገ እወጣለሁ ሲል ከላይ ሆኖ ወንዙን ሳያይ አለፈ፤ ነፍሱን ይማረውና። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መውጫው ሊፍት ነው፣ ጉልበት አይፈልግም። አማትህን ሳታወጣቸው እንዳትመልሳቸው!

ታይዳል ቤዚን የሚባለው ኩሬ ዳር የማርቲን ሉተር ኪንግ ሐውልት አለ፤ ሜዳ ላይ ስለሆነ ለእሳቸው ይመቻል። ከጃፓን በ1912 የመጡት የቼሪ ዛፎች ዘር እዚያው ነው። ግን የውሃው ጠርዝ በአብዛኛው አጥር የለውም፤ የናቲን እጅ እንዳትለቅ። ውሃ ነው፣ ዳዊቴ።

ሌላ ቀን የፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ ወደነበረው ማውንት ቨርነን ሂዱ። ቤቱ የሚጎበኘው ትኬቱ ላይ በተጻፈው ሰዓት ነው፤ ካረፈዳችሁ ችግር ነው። ባሮቹ የተቀበሩበትን ቦታ ሳታዩ አትመለሱ። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1799 ሲሞት እዚያ 317 ባሮች ነበሩ፤ ሊያ ትልቅ ናት፣ በቅጡ አስረዳት።

ስትመለሱ ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ በሚባለው መንገድ ወደ ሰሜን ንዳ፤ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያን እንዳለፍክ ግሬቭሊ ፖይንት የሚባለው መናፈሻ በስተቀኝ ነው። ወደ ደቡብ ለሚሄድ መግቢያ የለውም። ነፋሱ ከደቡብ ሲሆን አውሮፕላኖቹ ለማረፍ በራስ ላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ፣ ናቲ ያብዳል። ከመኪናው ወደ ሣሩ ስትሻገሩ የብስክሌት መንገድ ስላለ ግራ ቀኝ እዩ፤ ወንዙ ጠርዝ ድረስም አይሩጡ።

የአማትህን የግፊት መድኃኒት መኪና ውስጥ እንዳትተወው፤ የሐምሌ ሙቀት ያበላሸዋል። ቦርሳህ ውስጥ ያዘው፣ ውሃም በደንብ ያዝ። ማታ ስትገቡ ደውልልኝ።

እናትህ