የኮምቦልቻ ባቡር ጣቢያ እስከ መቼ ተዘግቶ ይቆያል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ግንባታ በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በቃሉ ወረዳ መስመሩ የሚያልፍባቸው ገበሬዎች ከአባቶቻቸው የወረሱትን የእርሻ መሬት ለቀዋል፤ እኛም የኮምቦልቻና የደሴ ነዋሪዎች ጭነታችንም መንገደኛችንም በባቡር የሚመላለስበትን ቀን በተስፋ ስንጠብቅ ቆይተናል። ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ሥራ ተቋራጭ የገነባው ይህ መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝምና 1.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጪ የተያዘለት ሲሆን፣ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ባለው 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ክፍል ላይ ሃዲዱ ከተነጠፈ ዓመታት አልፈዋል። ይሁንና መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ጣቢያዎቹ እንደተዘጉ ናቸው።

ለመዘግየቱ የተሰጡት ምክንያቶች እውነተኛ መሆናቸውን አልክድም። ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ኃይል በወቅቱ አልቀረበም፤ ቀጥሎም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የመስመሩ ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟልም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየደረሰ ያለውና ማንም የማይቆጥረው ጥፋት ነው። በሰፈራችን በኩል በሚያልፈው ሃዲድ ሥር ያለው የውሃ መውረጃ ቱቦ በክረምት ጎርፍ ባመጣው ደለል ግማሽ ድረስ ተሞልቷል፤ መውጫ ያጣው ውሃም ጭቃውን ይዞ ሃዲዱ ወደተነጠፈበት ጠጠር ይገባል። ጠጠሩ በጭቃ ሲደፈን ውሃ ማሳለፉን ያቆማል፣ ሃዲዱም የቆመበት መሬት ይላላል። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ ሃዲዱን ከሥሩ ካለው ኮንክሪት ጋር አጣብቀው የሚይዙት የብረት ማያያዣዎች ተከታትለው ተነቅለዋል። ቱቦውን ለመጥረግ አካፋና ጥቂት የቀን ሠራተኛ ይበቃ ነበር።

ባለቤት ያጣ መስመር መጨረሻው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው አሮጌው የምድር ባቡር፣ ከለገሃር ተነስቶ በአቃቂ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ እያለፈ ሰውና ጭነት ሲያመላልስ የኖረ መስመር ነበር። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል አገልግሎቱ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሲቋረጥ፣ ዛሬ የከተማው ሠራተኛ ለታክሲ ተሰልፎ በሚውልበት በዚያው አቅጣጫ ያሉት ጣቢያዎች ተዘግተው ቀሩ። አዲሱ የጅቡቲ መስመር ሲዘረጋም የመንገደኛ ጣቢያው በለቡ በኩል ከከተማው ዳር ተሠራ። በከተማ መሀል የሚያልፍ መስመር አንዴ ከታጣ መልሶ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው፤ መሬቱ ለሌላ ጥቅም ይውላልና።

ኤሌክትሪኩ እስኪሟላ ድረስ ምንም ማድረግ አይቻልም የሚለውን አባባል ግን አልቀበልም። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ገና ኤሌክትሪክ ሳይገባለትና በይፋ ሳይመረቅ፣ በናፍጣ የሚሠሩ ባቡሮች የእርዳታ እህል ከጅቡቲ ወደ መሀል አገር አጓጉዘውበታል። ሃዲዱ ደህና እስከሆነ ድረስ የናፍጣ ባቡር ከላይ የተዘረጋ ሽቦ አይፈልግም። የእኛም መስመር አዋሽ ላይ ከዚያው ከጅቡቲው መስመር ጋር የሚገናኝ በመሆኑ፣ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ተፈትሾና ተጠግኖ፣ ለጊዜው በሳምንት አንድና ሁለት የጭነት ባቡር ቢመላለስበት፣ ደረቅ ወደባችንና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርካችን ከከባድ መኪና ጥገኝነት በመጠኑም ቢሆን ይላቀቁ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባቡር የሚመላለስበትን ሃዲድ ሌባም ደለልም እንዲህ በቀላሉ አይደፍረውም።

የደሴም ጉዳይ ከዚህ ተለይቶ ሊታይ አይገባም። ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ቢሆንም፣ ደሴ ከኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ የሐረጎን ዳገት መውጣት ግድ ነው፤ በክረምት ጉም ሲወርድ ሹፌሮች ምን ያህል እንደሚጨነቁ መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። የመንገደኛ ባቡር የሚጀመርበት ቀን ሲመጣ ከጣቢያው ወደ ደሴ የሚወጣ አውቶቡስ አብሮ ካልታሰበ፣ ጣቢያው ለደሴ ሰው ተዘግቶ ከሚኖረው ብዙም አይሻልም።

ስለዚህ የሚመለከተው አካል ሁለት ነገር እንዲያደርግልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ መስመሩ የደረሰበትን ጉዳትና የጥገናውን ዕቅድ ለሕዝብ በግልጽ ያሳውቅ። ሁለተኛ፣ ጥገናው እስኪጀመር ድረስ ለጣቢያዎቹና ለሃዲዱ ጥበቃና ጠራጊ ይመደብ፤ ለዚህም ሥራ መሬታቸውን ለመስመሩ የሰጡት ገበሬዎችና ልጆቻቸው ቅድሚያ ይሰጣቸው። ቱቦዎቹ ግን ከመጪው ሐምሌ በፊት መጠረግ አለባቸው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮምቦልቻ ነዋሪ