የልጆቻችን የስትሮክ ምርመራ፦ ቅዳሜ ተገናኝተን እንወስን

ሲክል ሴል (በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም) ላለባቸው ልጆች ወላጆች

ልጆቻችንን ለስትሮክ ምርመራ አንድ ላይ አዲስ አበባ ስለመውሰድ እንድንወስን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከዙሁር በኋላ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ እኛ ቤት እንገናኝ። የኮምቦልቻና የሐይቅ ወላጆች፣ እባካችሁ አትቅሩ።

ምርመራው የጭንቅላት ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው። ደም በአንጎል ሥሮች ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ ይለካል። መርፌ የለውም፣ አያምም። ኤስ ኤስ የሚባለው የሲክል ሴል ዓይነት ላለባቸው ከ2 እስከ 16 ዓመት ልጆች በየዓመቱ ይመከራል። ፍጥነቱ በሰከንድ 200 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ አደጋው ከፍተኛ ነው። ግን መከላከል ይቻላል! በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ እንዲህ ላሉ ልጆች ደም በየጊዜው ሲሰጥ የመጀመሪያው ስትሮክ በ90 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ደም እንደልብ በማይገኝበት ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለው መድኃኒትም አማራጭ ነው፤ ሐኪሙ ይወስናል።

«ልጄ ደህና ነው» ብላችሁ አትተዉት። የኔ ልጅ ስትጫወት ውላ ነው ማታ ግራ እጇ የከዳት። ይህ ምርመራ መኖሩን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ቅዳሜ የልጁን የሕክምና ካርድ፣ የሄሞግሎቢን ዓይነት ውጤቱንና መጨረሻ ደም የወሰደበትን ቀን ይዛችሁ ኑ። የጉዞውን ቀንና የመኪና መዋጮ እዚያው እንቆርጣለን። በምርመራው ሰዓት ልጁ ነቅቶና ተረጋግቶ መሆን አለበት። እንቅልፍና ትኩሳት ቁጥሩን ይለውጡታል።

ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አፍ ከተሳሰረ ግን ቅዳሜን አትጠብቁ፤ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱ።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ የልጁን ዕድሜ ጨምራችሁ እዚሁ መልሱልኝ። መምጣት የማትችሉም ጻፉልኝ፤ እደውላለሁ።