ከዋልቪስ ቤይ ለአባባ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መድኃኒቱን እህቴ ስታስታውስዎ አይቆጧት፤ ያዘዝኳት እኔ ነኝ።

ባለፈው የናሚቢያ ወደብ ከተማ ዋልቪስ ቤይ ነኝ ብዬ ስደውል «ስለዚያች አገር ከሰን ተረትተን ተመለስን፤ ፍርድ ቤትም ለጉልበተኛ ነው» አሉኝ። መስመሩ ተቋረጠና መልሴ በአፌ ቀረ።

መረታታችን እውነት ነው። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 (ዘመኑን በፈረንጅ እየቆጠርኩ ነው) ደቡብ አፍሪካን ሔግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የከሰሷት፣ ናሚቢያን ለእሷ በአደራ የሰጣት የመንግሥታቱ ማኅበር አባላት ስለነበሩ ነው። ያ ማኅበር በጣሊያን ጊዜ እንዴት እንደከዳን ያውቃሉ፤ በእሱ ወረቀት ለሌላ ሕዝብ መሟገታችን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1958 ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉ፤ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ድምፅ ሁለቴ ተቆጠረና ክሱ ወደቀ። ያሉትም ደቡብ አፍሪካ ትክክል ናት ሳይሆን፣ እናንተን አያገባችሁም ነው።

ነገሩ ግን እዚያ አልቆመም፣ አባባ። በፍርዱ የተቆጣው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከጥቂት ወራት በኋላ አደራውን ነጠቃት። በ1971 ያው ፍርድ ቤት ራሱ ይዞታሽ ሕገ ወጥ ነውና ውጪ አላት። በእርግጥ ጠመንጃ የለበትም አልልም፤ የአንጎላ ጦርነትና የኩባ ወታደሮች ባይኖሩ ለናሚቢያ ነጻነት መንገድ የከፈተው የ1988ቱ ስምምነት በቀላሉ አይፈረምም ነበር። እስከዚህ ድረስ እርስዎ ትክክል ነዎት።

ዋልቪስ ቤይ ግን ሌላ ነው። እንግሊዝ በ1878 ይዛ ኋላ የደቡብ አፍሪካ አካል ወደሆነው ኬፕ ቅኝ ግዛቷ የቀላቀለችው ስለሆነ፣ ሌላውን ናሚቢያ የገዛው ጀርመን ይህን ገዝቶት አያውቅም፤ በአደራውም ውስጥ አልነበረም። ደቡብ አፍሪካ «ይሄ የራሴ ነው» ስትል በእጇ ሰነድ ነበራት። የጸጥታው ምክር ቤት በ1978 ከናሚቢያ ጋር ይቀላቀል ቢልም አልሰማችም። ስለዚህ ናሚቢያ በመጋቢት 1990 ነጻ ስትወጣ ዋና ወደቧ በሰው እጅ ነበር። ወደብ ማጣት ምን እንደሆነ ለእኛ አይነገርም። እነሱ ግን ገና ያልያዙትን ከተማ በሕገ መንግሥታቸው የግዛታችን ክፍል ነው ብለው ጻፉት! ይህን ድፍረታቸውን ወድጄዋለሁ። በ1992 አስተዳደሩ የጋራ ሆነ፤ በቀጣዩ ዓመት የደቡብ አፍሪካ ፓርቲዎች ለሽግግር ሲደራደሩ ርክክቡን ተስማሙበት፤ የካቲት 1994 ሲያልቅ እኩለ ሌሊት ላይ ወደቡ ከ12 ደሴቶች ጋር ተላልፎ ተሰጠ። ለዚህች ከተማ ብሎ የዘመተ ጦር የለም፤ ደቡብ አፍሪካን አድክሞ ከተማዋን ያስረከባት የዓመታት ውትወታ ነው።

እኔ እንግዲህ ክሳችን ከንቱ ነበር ለማለት አይቀናኝም። እርስዎ ያን ጊዜ ተማሪ ነበሩ፤ ፍርዱ ሲሰማ ጓደኞችዎ ምን አሉ? ጃንሆይስ ተናደው ነበር ይባል ነበር? ለእህቴ ይንገሯትና በድምፅ ቀርጻ ትላክልኝ። የወሩን ገንዘብ ዓርብ እልካለሁ።

አክባሪ ልጅዎ