ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ፦ ለሪዞግራፍ ኅትመት ፋይል ስታዘጋጁ

ባሕር ዳር

ውድ ደንበኞቻችን፣

የሪዞግራፍ ሥራ ይዛችሁ ስትመጡ «ፋይሉን አስተካክላችሁ አምጡልን» ብለን የምንመልሳችሁ ጊዜ ጥቂት አይደለም። ዲዛይኑ ያልተወደደ መስሏችሁ ቅር የተሰኛችሁም አላችሁ። ነገሩ ግን ከዲዛይኑ ውበት ጋር አይገናኝም። ማሽኑ እናንተ በኮምፒውተር ላይ የምታዩትን ቀለም አያይም፤ የሚያየው ጥቁር፣ ነጭና በመካከላቸው ያለውን ግራጫ ብቻ ነው። ይህ ከታወቀ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።

ብዙዎቻችሁ ሪዞግራፍን የምታውቁት በትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ነው። የጃፓኑ ሪዞ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ለገበያ ያቀረበው ይህ ማሽን ከውጭ ሲያዩት ፎቶ ኮፒ ይመስላል። ውስጡ ሌላ ነው። ምስሉ ማስተር በሚባል ስስ ሉህ ላይ በሙቀት በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበሳል፤ ሉሁ ቀለም በያዘ ድራም ላይ ይጠመጠማል፤ ድራሙ ሲሽከረከር ቀለሙ እንደ ወንፊት በቀዳዳዎቹ አልፎ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። አንድ ድራም የሚይዘው አንድ ቀለም ነው። የእኛ ማሽን በአንድ ጊዜ አንድ ድራም ብቻ ስለሚጭን ባለ ሁለት ቀለም ሥራ ሁለት ማስተር ይፈልጋል፤ ወረቀቱም ሁለት ጊዜ ያልፋል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቀለም ለየብቻው ፋይል ላኩልን፤ ሁሉም ፋይል ግሬይስኬል፣ ማለትም ከጥቁር እስከ ነጭ ባለው ግራጫ ብቻ የተሠራ ይሁን። በቀይ የሚታተመው ክፍልም በፋይሉ ላይ ጥቁር ነው፤ ቀይ የሚያደርገው እኛ የምንጭነው ድራም ነው። ቀዩን በቀይ ከላካችሁት ማሽኑ ወደ ግራጫ ይለውጠውና ደማቅ ይሆናል ያላችሁት ርዕስ በነጠብጣብ የተሠራ ፈዛዛ ነገር ሆኖ ይወጣል። መቶ በመቶ ጥቁር ማለት ሙሉ ቀለም፣ ሃምሳ በመቶ ማለት ሳሳ ያለ ቀለም ነው። ነጭ ቀለም የለንም፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። የፋይሉን ስም «አንድ ሰማያዊ»፣ «ሁለት ቢጫ» ብላችሁ ብትሰይሙትና ሥራው ሲያልቅ ምን እንዲመስል እንደምትፈልጉ የሚያሳይ አንድ ባለ ቀለም ናሙና ብትጨምሩበት ከብዙ የስልክ ጥሪ ያድነናል።

ቀለሞቹ በከፊል ብርሃን አሳላፊ ስለሆኑ ሲደራረቡ ይቀላቀላሉ። ሰማያዊ የጣና ውኃ ላይ ቢጫ የደንገል ታንኳ ብታስቀምጡ ታንኳዋ አረንጓዴ ትሆናለች። አረንጓዴውን ወዳችሁት ከሆነ መልካም፤ በሁለት ድራም ሦስት ቀለም አገኛችሁ። ቢጫ ሆና እንድትቀር ከፈለጋችሁ ግን በሰማያዊው ፋይል ላይ የታንኳዋን ቦታ ባዶ ማድረግ አለባችሁ። ባዶውን ልክ በታንኳዋ መጠን አትቁረጡት። ወረቀቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲገባ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር መዛነፉ የማሽኑ ጠባይ ነው፤ በክረምት እርጥበት ወረቀቱ ሲለሰልስ ደግሞ ይብሳል። ባዶውን በዙሪያው አንድ ሚሊሜትር ያህል ካጠበባችሁት ሁለቱ ቀለሞች ጠርዝ ላይ ስለሚደራረቡ ነጭ ክፍተት አይታይም።

ከዚህ የሚሻለው መንገድ ግን ጠርዙን በወፍራም ጥቁር መስመር መሸፈን ነው። ዘጌ ሄዳችሁ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች ተመልከቱ፦ ጠፍጣፋ ደማቅ ቀለም፣ በዙሪያው ጥቁር መስመር። ለሪዞግራፍ ከዚህ የተሻለ የአሣሣል ስልት አናውቅም። ቀለም ቀስ በቀስ እየደበዘዘ የሚሄድበትና ጥላ የበዛበት ዲዛይን ከኮምፒውተሩ ላይ ቢያምርም ወረቀት ላይ ይጨማለቃል።

ስለ ፊደል ትንሽ እንበል። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው በጥቃቅኑ ምልክት ላይ ነው። ጽሑፉ በጣም ሲያንስ ቀለሙ ተስፋፍቶ የ«ሌ»ን ቀለበት ይደፍነዋል፤ አንባቢው «ሊ» ብሎ ያነበዋል። በሙሉ ቀለም መደብ ላይ ነጭ ሆኖ የሚነበብ ጽሑፍ ከሆነ ችግሩ እጥፍ ነው፤ እንዲህ ያለውን ከ14 ነጥብ በታች አታድርጉት፤ ቀጭን ፎንትም አትጠቀሙ። የተራው ጽሑፍ ቀለም መቶ በመቶ ጥቁር ይሁን፤ ግራጫ ጽሑፍ ጠርዙ የተበላ ነጠብጣብ ይሆናል።

ፋይሉን በፒዲኤፍ ላኩ፤ ፎንቱም ውስጡ ይካተት፤ ካልሆነ ፊደሉን ወደ ቅርጽ (አውትላይን) ለውጡት። በተለይ ፓወር ግዕዝ በተባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ ከሆነ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል፤ የሠርግ ጥሪ እንደዚያ ሆኖ ሲመጣ ማን ማንን እንደሚያገባ እንኳ መለየት አይቻልም። ፎቶግራፍ በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን። በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ተጨምቆ ጥራቱን ያጣል።

ገጹን በሙሉ በቀለም መሸፈን የምትወዱ አላችሁ። ብዙ ቀለም ያረፈበት ወረቀት ድራሙ ላይ ይለጠፋል፤ ተቆልሎ ሲቀመጥም ከላዩ ያለውን ወረቀት ጀርባ ያቆሽሻል። ሰፊውን መደብ ወደ ሰባ በመቶ ዝቅ አድርጉት። ማሽኑ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ስለማያትምም በየጎኑ አንድ ሴንቲሜትር ባዶ ተዉ።

ወረቀቱ የማያብረቀርቅ ይሁን። ቀለሙ ዘይት ያለበት ነው፤ የሚደርቀውም በሙቀት ሳይሆን ወረቀቱ ውስጥ በመስረግ ነው፤ በሚያብረቀርቀው አርት ፔፐር ላይ መስረጊያ ስለሌለው በጣት ይለቀለቃል። በተራ ወረቀትም ቢሆን ሥራውን ከመውሰዳችሁ በፊት አንድ ቀን እንድትታገሡን እንጠይቃለን።

ዋጋን በተመለከተ፣ ወጪው ያለው ማስተሩ ላይ ነው። ለአሥር ቅጂም ሆነ ለሺህ ቅጂ የሚበሳው ያው አንድ ማስተር ስለሆነ ቅጂው ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ለአሥር ቅጂ ከመጣችሁ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ብንመራችሁ ገንዘባችሁን ለማትረፍ ነው።

የጥሪ ካርድ የምታሳትሙ ደንበኞቻችን፣ የእንግዶችን ስም በኋላ በሌዘር ፕሪንተር ለመጨመር አታስቡ። የፕሪንተሩ ሙቀት ቀለማችንን ያነሣውና ካርዱንም ፕሪንተሩንም ያበላሻል። ስሙን በእስክሪብቶ ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የኅትመት ቤቱ ሠራተኞች