ጀርባውን ብቻ ያየነው

ይድረስ ለወዳጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማን ቀድሞ እንደጠፋ መተሳሰቡን እንተወውና የልቤን ላጫውትህ። ሰሞኑን ልጆቼ የ2016ቱን «ቤን ሁር» ከፍተው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ) አብሬያቸው ተቀመጥሁ። ካየሁት ወዲህ ካንተ በቀር የምሟገተው ሰው አጣሁ።

ሠረገላው ሲገለባበጥ ልጆቹ ጮኹ፣ እኔም ሳልወድ ጮኽሁ። የምጠብቀው ግን የናዝሬቷን ውኃ ነበር። በ1959ኙ «ቤን ሁር» ታስታውሳለህ አይደል? ባለታሪኩ ይሁዳ ቤን ሁር (የአስቆሮቱ አይደለም) ታስሮ ወደ መርከቡ ሲነዳ፣ ለሌሎቹ እስረኞች ውኃ ሲሰጥ የሮማው አዛዥ ለእሱ ይከለክለዋል። መሬት ላይ ተዘርሮ አምላኩን ሲለምን አንድ እጅ ይመጣል፤ ፊቱን ያርስለታል፣ ያጠጣዋል። አዛዡ እየተቆጣ ሲጠጋ ያ ሰው ቀና ብሎ ይቆማል። እኛ የምናየው ጀርባውንና ፀጉሩን ብቻ ነው። ፊቱን ያየው ወታደሩ ነው። ያፈጣል፣ ቃል ያጣል፣ ዞር ይላል፣ ደግሞ መለስ ብሎ ያያል። ይሁዳም እስኪበቃው ይጠጣል።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ቅዱሳኑ በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩናል፤ በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሣለው ክፉው ነው። በዚያ ላደገ ሰው የጌታን ጀርባ ማሳየት እንግዳ ነገር መሆን ነበረበት። እኔን ግን አንድም ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም። የ1959ኙ ዳይሬክተር ዊልያም ዋይለር ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ በሚሄድ ፊልም ውስጥ የክርስቶስን ፊት አላሳየም፣ ድምፁንም አላሰማም። በመስቀል ላይ የተናገረውን የይቅርታ ቃል እንኳ የምንሰማው ከይሁዳ አፍ ነው።

አዲሱ ፊት ሰጠው፣ ንግግርም ሰጠው። ሮድሪጎ ሳንቶሮ መልካም ተዋናይ ነው፤ እንጨት እየሠራ ስለ ፍቅር ሲመክር ግን የሰፈር ሽማግሌ መሰለኝ። ይባስ ብሎ በመጨረሻ ይሁዳን የከዳው አብሮ አደጉ መሳላ እግሩን አጥቶ በሕይወት ይተርፍና ከይሁዳ ጋር ይተቃቀፋል! የድሮው መሳላ ሊሞት ሲያጣጥር እንኳ የይሁዳ እናትና እኅት በለምጽ መመታታቸውን የሚነግረው አንጀቱን ለማሳረር ነው። እንግዲህ ይሁዳ ይቅር የሚለው የሚታረቀውን ሰው ካጣ በኋላ ነው። አስቸጋሪው ይቅርታ ይሄ ነበር፤ እነሱ አቀለሉት። መቶ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በሲኒማ ቤት ያንኑ እንኳ አልመለሰም።

«አንተ ደግሞ የድሮ ነገር ሁሉ ይጥምሃል» እንደምትለኝ አውቃለሁ። የ1959ኙም እኮ ድጋሚ ሥራ ነው! የ1925ቱ ድምፅ አልባ ነበር፤ ዋይለር ራሱ በዚያ ፊልም የሠረገላ ውድድር ላይ በረዳትነት ሠርቷል። ዳይሬክተሩ ሴሲል ዴሚልም ቢሆን «አሥርቱ ትእዛዛት»ን በ1923 ሠርቶ በ1956 እንደገና ሠራው። መድገሙ ላይ ጠብ የለኝም።

ዴሚልን ካነሣሁ አይቀር፣ ሙሴ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ሲመለስ ንጉሡንና እኅቱን እንደ ምርኮኛ ሳይሆን እንደ ወዳጅ አድርጎ ፈርዖን ፊት ያቀረባቸው ጊዜ በቪዲዮ ቤት እንዴት እንዳጨበጨብን! ነገሩ ከጥንቱ የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ከጆሲፈስ የመጣ ነው፤ ዘኍልቍ ምዕራፍ 12ም የሙሴን ኢትዮጵያዊት ሚስት ያነሣል። ስለ ሙሴ በተሠራው በ2014ቱ የሪድሊ ስኮት ፊልም እኛ የለንበትም። በምትኩ የእግዚአብሔርን ቃል የሚናገር ሕፃን ልጅ አለ። ያ ልጅ ግልፍተኛና ቁጡ ነው፤ ብዙ ሰው ተቀይሞበታል። እኔ ግን፣ ብታምንም ባታምንም፣ ወደድሁት። ቢያንስ ዳይሬክተሩ ራሱ ያሰበው ነገር ነው።

የ1956ቱን ጥራት ባለው ቅጂ ካገኘህ አስቀምጥልኝ። ለበዓል መምጣቴ አይቀርም፤ ርዝመቱ ወደ አራት ሰዓት ስለሚጠጋ ባለቤትህን ቀድመህ አስፈቅድ። የእማማንም ጤና ጻፍልኝ፤ ወገባቸው ተሻላቸው?

ወዳጅህ